ሙሽሪት የተባልኩበት ቲያትር

ይድረስ ለወንድምጋሼ ለሙሀመድሰይድ፣ አሰብ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ወንድምጋሼ፣ የአሰብ ሐሩር እንዴት ይዞሃል? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይስ ከጨው ሥራው ጋር እየባሰብህ ሄደ? ዓይንህስ? አምና የመጣ ሰው «የባሕሩ ነጸብራቅ ዓይኑን አቅልቶታል» ብሎኝ ስንት ቀን ሳስብ ከረምኩ። ባለቤትህ ኡሙሰልማስ ደህና ናት? ልጆቹስ አድገው ይሆን፣ መንገድ ላይ ባገኛቸው አውቃቸው ይሆን? እኔ አልሀምዱሊላህ፣ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ። አገሩም ደህና ነው። ክረምቱ ዘግይቶ ቢገባም ማሽላው ጥሩ ይዟል፤ ከሆርማት ወንዝ ወዲያ ያለው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ማጭድ ይጠብቃል። ወፍ ጠባቂዎቹ ከማማ ላይ ሲጮኹ እኛ ቤት ድረስ ይሰማል።

ይህን ጽሑፍ ስታይ የማን እጅ ነው ብለህ ሳትገረም አትቀርም። የእኔ የእህትህ እጅ ነው። ካቻምና መሠረተ ትምህርት ሲጀመር ከአሮጊቶቹ ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጬ «ሀ» ብዬ ጀመርኩ፤ አምና ምስክር ወረቀት ተቀበልኩ። ፊደሌ ንፋስ እንደመታው አገዳ ወዲያና ወዲህ ቢያዘነብልም ታገሠኝ። ሌላ ሰው እንዲጽፍልኝ ያልፈለግኩት ነገሩ በሰው አፍ የሚነገር ስላልሆነ ነው።

ከአረፋ በኋላ ካሳው ሹፌሩ ከአሰብ ሲመጣ ቃልህን አደረሰኝ። ለመናገር አፍሮ ኮፍያውን እያዟዟረ፣ «ወንድምሽ አዝኗል። እህቴ መድረክ ላይ ወጥታ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ከባዳ ወንድ ጋር ስትሳሳቅ ዋለች አሉኝ፤ ባሏን ታሂርን እንዲህ ቶሎ ረሳችው ወይ ብለህ ጠይቅልኝ ብሏል» አለኝ። በካሳው አፍ መልስ መላክ አልፈለግኩም። እንደሆነው አድርጌ እኔው እነግርሃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ፍርዱ የአንተ ነው።

ወንድምጋሼ፣ ታሂር በንዳድ ከሞተ ሦስት ዓመት አለፈ፣ አላህ ይማረው። እስከ አርባው ቀን ቤቴ ሰው በሰው ነበር። ከዚያ ሁሉም ወደየጉዳዩ ሄደ፤ አልፈርድባቸውም። ራህመት ልጄ ዋጃ ቤቷ ተመለሰች። ለአንድ ሰው ወጥ መሥራት እስካሁን አልቻልኩበትም። ሁልጊዜ ይተርፈኛል፤ በማግሥቱ ያንኑ አሙቄ እበላለሁ፤ በሦስተኛው ቀን ለጎረቤት ውሻ እሰጠዋለሁ። ገበያ ላይ በርበሬዬን ሸጬ ስመለስ ከውጭ የቆለፍኩትን ራሴ ከፍቼ እገባለሁ፤ «ማነው?» የሚለኝ የለም። አንዳንዴ በሩን ከመክፈቴ በፊት ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። ይህንን የምጽፈው እንድታዝንልኝ አይደለም። ታሂርን ረሳችው ላልከኝ እንዴት እንደረሳሁት እንድታየው ነው።

ነሐሴ ላይ፣ የረመዳን ፆም እንደተፈታ፣ የሻረግ ቤቴ መጣች። የሻረግ አጥር የምንጋራት ጎረቤቴ ናት፤ አሁን የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ሆናለች። የቀበሌው ኪነት ቡድን መስከረም ሁለት ለአብዮት በዓል ቲያትር ሊያሳይ ነው፣ መበለት ሆና የምትጫወት ሴት ግን ጠፋች አለችኝ። ልጃገረዶቹ ፀጉራቸው ላይ ዱቄት ነስንሰው ሞክረው ዓይናቸው አሳበቀባቸው። ያገቡትን ባሎቻቸው ከለከሏቸው። «አንቺ ማንበብ ትችያለሽ፤ የሚከለክልሽም ባል የለሽ» አለችኝ።

ክፉ አስባ አይደለም የተናገረችው። ግን ያ ቃል ሆዴ ውስጥ ገብቶ ቀረ። የሚከለክልሽ የለም ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ? ብትሄጂም ብትቀሪም፣ ብትወድቂም ብትነሺም የሚያገባው የለም ማለት ነው። ቀበሌ ሲጠይቅ እምቢ ማለት እንዴት እንደሆነ አንተም ታውቀዋለህ፤ ይህንን እንተወው። እውነቱን ልንገርህና፣ ብችልም እምቢ የምል አይመስለኝም ነበር። እሺ አልኳት።

ቲያትሩን የጻፈው ይርጋ የሚባል ወጣት አስተማሪ ነው፤ ስሙን «ሁለተኛ ሙሽራ» አለው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሚስቱ የሞተችበት አንድ ሰውዬ የገዛ ወጡ ጨው ሲበዛበት ጊዜ ሚስት ፍለጋ ይነሳል። የሚያያት ሴት ደግሞ ባሏ ከሞተ ወዲህ «ወንድ የተባለ በደጄ አያልፍም» ብላ የማለች መበለት ናት። እሱ ዕድሜውን አሥር ዓመት ቀንሶ ይናገራል፤ እሷ የወለቀ ጥርሷን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ሽማግሌ ተብሎ የተላከው ሰው ቤቱን ተሳስቶ ለጎረቤቷ ለአሮጊቷ ይለምናል፤ አሮጊቷም እሺ ትላለች። በመጨረሻ ሁለቱ ይጋባሉ። ከሠርጉ በኋላ ደግሞ ቀበሌው ጨምሩበት ስላለ፣ ሁለቱም የማኅበር አባል ሆነው እጃቸውን ያነሳሉ።

ሰውየውን የሚጫወተው እንድሪስ ነው። ታስታውሰው ይሆናል፤ ከመስጊዱ ፊት ለፊት ባለው ወፍጮ ቤት የሚሠራው ረጅሙ ሰው። የወፍጮው ጩኸት ጆሮውን ስላደነዘዘው ሲናገር ይጮኻል፤ ይርጋም የመረጠው ለዚሁ ነው፣ ድምፅ ማጉያ አልነበረንማ። ሚስቱ ሀጀራ በሆድ ሕመም ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነው። ልጅ አልነበራቸውም። ልምምዱ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ ነበር። የመጀመሪያው ቀን እኔ ዓይኔን ከወረቀቱ አላነሳሁም፤ እሱ ደግሞ ሊያጨኝ መጥቶ ቆርቆሮ ጣሪያውን እያየ ጮኸ። ይርጋ «ጋሽ እንድሪስ፣ የሚያጩት ጣሪያውን ነው እንዴ?» ሲለው ሳቅ አመለጠኝ። የገዛ ሳቄን ሰምቼ ደነገጥኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ የት ከርሞ እንደመጣ እንጃ።

ከዚያ በኋላ ያንን ሰዓት መጠበቅ ጀመርኩ። አልዋሽህም። በቲያትሩ ውስጥ ሰውየው ለመበለቷ «ምሳ በልተዋል ወይ?» የሚልበት ቦታ አለ። ይርጋ ለቀልድ ነው የጻፈው፤ ሰውየው ራሱ ርቦት ነው የሚጠይቃት። እኔ ግን ወረቀት ላይ የተጻፈ ጥያቄ መሆኑን እያወቅሁ፣ በተባልኩ ቁጥር ሆዴ ይመልስለት ነበር።

ቃሉን የማጠናው ቤቴ ውስጥ ነበር። መጀመሪያ የእኔን ብቻ እል ነበር። ኋላ ያለ ጥያቄ መልሱ አልያዝ ስላለኝ የእሱንም ድምፄን አጎርንኜ ማለት ጀመርኩ። አንድ ቀን ከሰዓት እንዲህ ስል የሻረግ በአጥር በኩል ሰምታ ኖሯል። ጨው ልበደር ብላ ዘው ብላ ገባች። ዓይኗ መጀመሪያ አልጋው ላይ፣ ከዚያ ከበሩ ኋላ፣ ከዚያ ከጎተራው ጀርባ ሄደ። ያገኘችው እኔን ብቻ፣ ከምሰሶው ፊት ለፊት ቆሜ። «ሰውየው የት ሄደ?» አለችኝ በሹክሹክታ። ምሰሶውን አሳየኋት፤ «ይኸው፤ ሊያጨኝ መጥቶ ነው» አልኳት። እስክትወድቅ ሳቀች። ስትስቅ ቆይታ ደግሞ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «አንቺ ሴት፣ ይህን ያህል ብቻሽን ነሽ እንዴ?» አለችኝ። ጨዉን ሳትወስድ ሄደች። ከዚያ ቀን ወዲህ ስታልፍ ስታገድም በአጥሩ በኩል «መይሙና» ብላ ሳትጠራኝ አትውልም።

በዓሉ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ የቀበሌው አዳራሽ አፍ እስከ ገደፉ ሞላ፤ ከዋጃና ከጎብዬ ሳይቀር ሰው መጥቶ መስኮቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ተራዬ ሲደርስ ገባሁ። ሕዝቡ ገና ከመነሻው ሳቀልን። ያ ሽማግሌ ቤት ሲሳሳት አዳራሹ የሚፈርስ መሰለኝ። እንድሪስ ተለጣፊ ጺም አድርጎ፣ ጃንጥላ በብብቱ ይዞ እኔ ቤት ሲገባ የልጆቹ ፉጨት ጆሮ ይሰነጥቅ ነበር። ቃሌን ሳልስት ውሃ በጣሳ ቀድቼ ሰጠሁት። «ይጠጡ፣ መንገድ ደክሞዎታል» አልኩት። እሱ ጠጥቶ «እመቤቴ፣ ውሃው ከእጅዎ ሲሆን ይጣፍጣል» ማለት ነበረበት።

ጠጣ። ጣሳውን ዝቅ አደረገና አየኝ። ከዚያም ያንን ጩኸቱን ትቶ፣ ቀስ ባለ ድምፅ፣ «ሀጀራ፣ አንቺስ ጠጣሽ?» አለኝ።

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ሰውዬው የሴቶች ስም ተምታታበት ብለው ነው፤ የቲያትሩ ቀልድ መሰላቸው። ከፊት የተቀመጡት፣ ሀጀራን ቀብረው የተመለሱት የሠፈራችን ሰዎች ግን አልሳቁም። የሻረግ አፏን በእጇ ስትይዝ አየሁ። ይርጋ ከመጋረጃው ኋላ ቃሉን ደጋግሞ ያቀብለዋል፤ የማይሰማ ጆሮ ላይ ምን ዋጋ አለው? እንድሪስ ጣሳውን ይዞ ቆሟል። ያለበት ቦታ አዳራሹ አልነበረም። እኔ ያንን ቦታ አውቀዋለሁ፤ በቀን ስንት ጊዜ ደርሼ የምመለስበት ነው። እዚያ እንዳለ፣ በዚያ ሁሉ ሳቅ መሀል ጥዬው ብሄድ ምን እሆናለሁ? «ጠጥቻለሁ፤ አንተ ጠጣ» አልኩት። አንቱ ማለቱን ትቼ አንተ አልኩት፤ ሚስቱ እንደምትለው። ጨርሶ ጠጣው። ሕዝቡ አሁንም ሳቀ። እሱም ተመለሰ፣ ጺሙን አስተካከለ፣ ጮኾ ቀጠለ፤ እስከ ሠርጉ አደረስነው። እልልታው ገና ሳያባራ ዞር ብዬ ባይ የለም። ጺሙን ወንበር ላይ ጥሎ ሄዷል።

አንተ ዘንድ የደረሰው ወሬ ይኸው ነው። አንቺና አንተ ተባባሉ፣ ተሳሳቁ የተባለው ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጊዜ ከበፊቱ ከበደኝ። ገበያ ስወጣ «ሙሽሪት!» የማይለኝ የለም። የማላውቃቸው ገበሬዎች በርበሬ ሲገዙኝ «ሙሽራው ደህና ነው?» ይሉኛል። እስቃለሁ። ቤቴ ስገባ ደግሞ ልምምድ የለም፣ ወረቀት የለም፣ ምሰሶውም ምሰሶ ሆኖ ቆሟል። እንድሪስ መንገድ ላይ ካየኝ ይታጠፋል። እኔም እንዳላሳፍረው ብዬ እህሌን በሰው እጅ ወደ ሌላ ወፍጮ መላክ ጀመርኩ። ሁለት ወር ሊሞላን ድረስ እንዲህ ሆንን። በዚያ መሀል ነው ካሳው ቃልህን ያደረሰኝ። የዚያን ቀን ወንድምጋሼ፣ በምድር ላይ ያለኝ አንድ ወንድም ተቆጥቶ፣ ልጄ ርቃ፣ ሰው ሁሉ ሙሽሪት እያለኝ፣ እንደዚያ ብቻዬን የሆንኩበትን ቀን አላስታውስም። ታሂር የሞተ ዕለት እንኳ እጄን የያዘ ሰው ነበረ።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ፣ በር ላይ ድምፅ ሰማሁ። እንድሪስ ነው። ልብሱ ላይ ዱቄት አለ። ልግባ አላለም፤ ደጃፉ ላይ ቆመ። የሻረግ በአጥሯ በኩል እያየችን ነበር፤ እሱም እንድታይ ብሎ ነው እንደዚያ የቆመው። «አፉ በይኝ» አለኝ። «ሰው ፊት በሟች ስም ጠራሁሽ። እኔ ሆን ብዬ አይደለም። ሀጀራ ውሃ ስትሰጠኝ አስቀድማ አትጠጣም ነበር፤ እኔም ሁልጊዜ እጠይቃት ነበር። እጅሽን ሳይ አፌ ቀደመኝ» አለኝ። አፉ ብያለሁ አልኩት። እኔም ያልተናገርኩትን ነገርኩት። በዚያ መድረክ ላይ ጣሳውን ስቀዳ ለእሱ እየቀዳሁ እንዳልነበረ፣ ታሂር ከእርሻ ሲመለስ እንደምቀዳለት አድርጌ እንደቀዳሁ፣ «አንተ ጠጣ» ያልኩትም ማንን እንደሆነ እኔም እንደማላውቅ ነገርኩት።

አልሰማኝም። «ምን አልሽ?» አለኝ ጆሮውን አስጠግቶ። እንዲህ ያለውን ነገር ሁለት ጊዜ ማለት እንዴት እንደሚከብድ አስበው። ጮኼ ደገምኩት። የሻረግም ሰማች፣ መንገደኛም ሰማ። እሱ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ፣ «እንግዲያማ አራት ሆነን እንኑራ» አለኝ።

ሳቅኩም አለቀስኩም፤ የቱ እንደቀደመ አላውቅም። እሺ አላልኩትም። ሽማግሌ ላክ አልኩት። ቤቱን እንዳይሳሳቱ ብዬ ግን የሻረግን ከፊታቸው አስቀድሜ ላክኳት።

ራህመት ዘንድ ዋጃ ሰው ላክሁና መጣች። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «አባቴን እዚህ ቤት ውስጥ የማገኘው መስሎኝ ነበር የምመጣው» አለችኝ። በሁለተኛው ቀን ልጇን አዝላ ሄደች፤ ይኸው ሦስት ሳምንቷ፣ ምንም አልላከችም። አልፈርድባትም። እኔም የምፈራው እሱኑ ነው። የታሂር ድምፅ እየራቀኝ ነው ወንድምጋሼ። ሲስቅ እንዴት እንደነበር አለኝ፤ ሲጠራኝ ግን እንዴት እንደነበር አንዳንድ ቀን ይጠፋኛል፣ በማግሥቱ ይመለሳል። ሌላ ሰው ቤቱ ሲናገር ጨርሶ ቢጠፋብኝስ እላለሁ። ደግሞ ይህን ስጋቴን ከእንድሪስ ሌላ ማን ያውቅልኛል እላለሁ። እስቲ ለራህመት አንድ ቃል ጻፍላት፤ አጎቷ ስለሆንክ አንተን ትሰማለች። እንድትስማማ አይደለም፤ እንድትመጣ ብቻ።

ሽማግሌዎቹ ኅዳር ሲጀምር መጡ። ሸሁ፣ «አንቺ ባል ያየሽ ሴት ነሽ፤ እሺታው ከአንደበትሽ ይጠበቃል» አሉኝ። እሺ አልኩ። ኒካሁን ከማሽላ አጨዳ በኋላ፣ ከመውሊዱ በፊት፣ ለታኅሣሥ ሃያ ቆረጥነው። ከዚያ፣ «በኒካህ የሚሰጥሽ ዘመድ ማነው?» ብለው ጠየቁኝ። ከተቀመጡት አንዱ ቀድሞ፣ «አባቷ የሉም፣ ወንድሟም የት እንዳለ እንጃ፤ ቃዲው ይቁሙላት» አለ። ደንብ ነው፤ ሰው ለሌላት ሴት የሚደረግ ነው። እኔ ግን ከማጀት ሆኜ፣ ድምፄን እንደመድረኩ ከፍ አድርጌ፣ «ወንድም አለኝ! አሰብ ነው ያለው!» አልኩ።

እንዲህ ብዬሃለሁና አታሳፍረኝ። ለታሂር የሰጠኸኝ አንተ ነህ። ገና ጺምህ ሳያድግ፣ አባታችን በሞተ በዓመቱ፣ ከሽማግሌዎች መሀል ተቀምጠህ እጅህን ለታሂር ዘርግተህ ነበር፤ መጋረጃው ውስጥ ሆኜ አይቼሃለሁ። ካሳው ይህን ደብዳቤ ይዞልህ ይመጣል፤ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ተመልሶ እዚህ ያልፋል። ፈቃድ ካገኘህ ከእሱ ጋር ና። ካላገኘህ ውክልናህን በወረቀት አድርገህ፣ ስሜንና ስምህን ጽፈህበት ላክልኝ። ተቆጥተህም ቢሆን ላከው፤ ቁጣህን ኋላ እንነጋገርበታለን። ያ ወረቀት ሲነበብ የሚሰማው ሰው ሁሉ፣ ይህች ሴት የመጣችበት ቤት አለ እንዲል ነው።

ለኡሙሰልማ ሰላምታዬን ንገርልኝ፤ በመጣው ሰው የላከችልኝ ሻሽ በክብር ተቀምጧል በላት። አሚናትን ግንባሯን ሳምልኝ፤ ፊደል ከቆጠረች አክስቷ በሃምሳ ዓመቷ እንደደረሰችባት ንገራት። ሰዒድን ከባሕር ይራቅ በልልኝ፤ እኔ ባሕር አይቼ ባላውቅም እፈራለታለሁ። ለአማችህ ለእማማ ዘሃራ፣ ለጉልበታቸው ሁሌ ዱዓ እንደማደርግ አድርስልኝ። ከቆቦ ሰው እዚያ ያለውን ሁሉ፣ የሚያውቀኝንም የማያውቀኝንም፣ ሰላም በልልኝ። የሻረግ ሰላም ብላሃለች። እንድሪስም፣ አፍሮ ነው እንጂ፣ ሰላም ብሎሃል።

አላህ ዕድሜህን ያርዝምልኝ፣ ወገብህን ያጽናልህ፣ ለዓይነ ሥጋ ያብቃን።

እህትህ መይሙና

ቆቦ፣ ኅዳር 23 ቀን 1973 ዓ.ም.